የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በቀበሌና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች

በኢትዮጵያ አብዛኛው ነዋሪ ከመንግሥት ጋር የሚገናኘው በቀበሌ ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት በኩል ነው። በአዲስ አበባ የቀበሌ ሥራ ወደ ወረዳ ከተጠቃለለ ዓመታት ቢቆጠሩም ነዋሪው እስካሁን «ቀበሌ ደርሼ መጣሁ» ማለቱን አልተወም። ወደነዚህ ጽሕፈት ቤቶች ከሚያመጡ ጉዳዮች ሁሉ ውጤቱ ለረጅም ዘመን የሚዘልቀው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ነው። የተበላሸ የውኃ ቆጣሪ በሌላ ይተካል፣ የጠፋ የግብር ደረሰኝ በቅጂ ይወጣል። በጊዜው ያልተመዘገበ ልደት ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ፓስፖርት ለማውጣት በቆመ ወጣት ፊት እንደገና ይነሣል። ያልተመዘገበ ጋብቻም የትዳር ጓደኛዋ በድንገት ያረፈባትን ሴት በፍርድ ቤት በምስክር እንድትከራከር ያደርጋታል።

አገልግሎቱ የሚመራው በወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 እና ይህንኑ ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1049/2009 ነው። በአዋጁ መሠረት ወሳኝ ኩነት ማለት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ሲሆን ጉዲፈቻ እንዲሁም ልጅነትን መቀበልና በፍርድ ማወቅም በዚሁ ውስጥ ይካተታሉ። ምዝገባው በሕግ የታዘዘ ግዴታ ነው። ማስረጃ ያስፈለገው ሰው ብቻ በፈለገ ጊዜ የሚጠይቀው አገልግሎት ተደርጎ መታየቱ የተለመደ ስሕተት ነው።

ምዝገባው እንዴት ተጀመረ

ስለ ክብር መዝገብ የሚደነግገው ሕግ በአገሪቱ አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦች እንዴት እንደሚያዙ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ያው ሕግ በቁጥር 3361 መዝገቦቹን የሚመለከቱት ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ቀኑ እስኪገለጽ ድረስ ተፈጻሚ እንዳይሆኑ አገደ። ትእዛዙ ሳይወጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ሲያቋቁም፣ ቀበሌዎች የነዋሪነት መታወቂያ መስጠትና የነዋሪውን ማንነት ማረጋገጥ ጀመሩ። ይህ በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ወጥ የሆነ የልደትና የሞት መዝገብን አይተካም። ማዘጋጃ ቤቶች የልደት ማስረጃ ሲሰጡ ቢቆዩም አገልግሎቱ በአመዛኙ የከተማው ነዋሪ ነበር፤ ያውም ለጠየቀ ብቻ።

አንድ ወጥ ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ልደታቸው በመንግሥት አካል የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት 3 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበሩ ታይቷል። ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ከሚሰለፉት ብዙዎቹ ለዐዋቂ ልደት ማስረጃ የሚጠይቁ ናቸው፤ ይህም የሆነው ከዚሁ የተነሣ ነው።

የጊዜ ገደቦችና የወግ ቀኖች

ልደት በ90 ቀናት ውስጥ፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ደግሞ እያንዳንዳቸው በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። እነዚህን ገደቦች ቤተሰቡ አስቀድሞ ከሚያውቃቸው ቀኖች ጋር አያይዞ ማስታወስ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። እንግዲህ የሴት ልጅ ክርስትና ድግስ ባበቃ ማግስት ለምዝገባ የቀረው ጊዜ ዐሥር ቀን ያህል ብቻ ነው። በሰባተኛው ቀን አቂቃ የሚያወጡ ሙስሊም ቤተሰቦች ሰፊ ጊዜ ስላላቸው ስም ከወጣ በኋላ ሳይዘገዩ ቢሄዱ ይቀላቸዋል።

በሞት በኩል ነገሩ ይገለበጣል። ቤተሰብ የሟቹን ጉዳይ ሁሉ ወደ ተዝካር ማድረስ ልማዱ ነው፤ ተዝካር ግን የሚወጣው በ40 ቀን ነው። ያን ጊዜ የ30 ቀኑ ገደብ ካለፈ ዐሥር ቀን ሆኖታል። ሐዘንተኛ ቤት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ጽሕፈት ቤት መሄድ እንደሚከብደው ግልጽ ነው። ስለዚህ ከሟቹ ጋር ይኖር የነበረ ማንኛውም ሰው፣ እርሱ ከሌለም የቅርብ ዘመድ፣ ዘመድ ባይኖር ጎረቤት ሞቱን ሊያስመዘግብ መቻሉን ማወቅ ይጠቅማል። የዕድር ዳኞች በቀብር ወቅት ይህን ለቤተሰቡ ቢያስታውሱ ብዙ ድካም ይቀራል። የዕድር ደብዳቤ ሞት መድረሱን ለማስረዳት ሊያግዝ ይችላል፤ የሞት ምዝገባ የምስክር ወረቀትን ግን አይተካም።

ጊዜው ያለፈበት ሰው መብቱን አያጣም። የዘገየ ኩነት ይመዘገባል፤ ይሁን እንጂ ተጨማሪ ማስረጃና ማጣራት ይጠየቅበታል፣ እንደየክልሉ ደንብም ተጨማሪ ክፍያ ሊኖረው ይችላል። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ ከመጀመሩ በፊት የደረሱ ኩነቶችም በተመሳሳይ አኳኋን ማስረጃ እየቀረበባቸው ይመዘገባሉ። ከዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሐሰተኛ ቃል ሰጥቶ ማስመዝገብ፣ በተለይም ዕድሜን መጨመር ወይም መቀነስ፣ አስመዝጋቢውንም ምስክሩንም በወንጀል ያስጠይቃል።

ልደት

ሕፃኑ በጤና ተቋም ከተወለደ ተቋሙ የልደት ማሳወቂያ ይሰጣል። በቤት ከተወለደ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታሳውቃለች። ይህ ወረቀት የልደት የምስክር ወረቀት አይደለም። ብዙ እናቶች ከሆስፒታል የተሰጣቸውን ማሳወቂያ በሰነድ መያዣ ውስጥ አስቀምጠው «ልጄ ተመዝግቧል» ብለው ለዓመታት ይቆያሉ። ማሳወቂያው ምዝገባው የሚካሄድበት መነሻ ሲሆን፣ ወላጆች በመደበኛነት በሚኖሩበት ቀበሌ ወይም ወረዳ ለሚገኘው የክብር መዝገብ ሹም ቀርቦ በመዝገቡ ላይ መስፈር አለበት። የክትባት ካርድም ሆነ የክርስትና ካርድ እንደዚሁ ደጋፊ ማስረጃ ከመሆን አያልፍም።

ለማስመዝገብ የወላጆች የነዋሪነት መታወቂያና የልደት ማሳወቂያው ይቀርባል። ከወላጆች አንዱ ብቻውን ማስመዝገብ ይችላል። አባት አለመቅረቡ ወይም አለመታወቁ ልጅን ከምዝገባ አያስቀርም። ይህን ባለማወቅ ልጆቻቸውን ሳያስመዘግቡ የሚቀሩ እናቶች በመኖራቸው ሊደጋገም የሚገባው ነጥብ ነው። ሆኖም ከጋብቻ ውጭ ለተወለደ ልጅ አባትነት የሚረጋገጠው በእናትየው ቃል ብቻ አይደለም። አባትየው ልጁን በሕግ በታወቀው መንገድ ሲቀበል ወይም ፍርድ ቤት ሲወስን ይረጋገጣል። አባት ልጅነትን ሲቀበል ይህ ራሱ ወሳኝ ኩነት ሆኖ ይመዘገባል። ወላጆች የሌሉት ወይም ያልተገኙለት ሕፃን በአሳዳሪው ወይም በሚንከባከበው ሰው አማካይነት ይመዘገባል።

የአንድ ልጅ የትውልድ ቀን በሕግ ፊት ብዙ ነገር ይወስናል። የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ስምና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። የወንጀል ሕጉ ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ላለው ደግሞ ለዐዋቂ ከሚጣለው ቅጣት የተለየ ሥርዓት አበጅቷል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ልትዳር ነው ተብሎ ለፖሊስ ወይም ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሲጠቆም፣ መጀመሪያ የሚነሣው ክርክር የልጅቷ ዕድሜ ነው። የምስክር ወረቀት ካለ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ከሌለ በጤና ተቋም ወደሚደረግ የዕድሜ ግምት ይኬዳል፤ ግምት ደግሞ ከግምት አያልፍም። ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ ሲሄዱ ዕድሜያቸው በወረቀት ተጨምሮላቸው የወጡ ልጃገረዶችም የተጎዱት በዚሁ ክፍተት ነው።

ስምና ቀን ሲጻፍ

በየጽሕፈት ቤቱ ከሚቀርቡ የእርማት ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከፊደል ነው። በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደላት በርካታ በመሆናቸው አንድ ሰው በልደት የምስክር ወረቀቱ «ኃይሉ»፣ በትምህርት ማስረጃው «ሀይሉ»፣ በነዋሪነት መታወቂያው ደግሞ «ሃይሉ» ተብሎ ይገኛል። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ» እንዲሁ ናቸው። በአገር ውስጥ ይህ ብዙም ላያስቸግር ይችላል። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን በየሰነዱ የሚታየው ልዩነት ይሰፋል፤ በኤምባሲ መስኮት ላይ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ያስመስላል። ስለዚህ ወላጆች የልጁን ስም በሁለቱም ፊደላት አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ቢመጡ፣ የራሳቸው ስም ደግሞ በመታወቂያቸው ላይ በተጻፈበት አኳኋን እንዲሰፍር ቢከታተሉ መልካም ነው። የምስክር ወረቀቱ ታትሞ ከመፈረሙ በፊት አንድ ጊዜ ማንበብ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። ከተፈረመ በኋላ ግልጽ የጽሕፈት ስሕተት በጽሕፈት ቤቱ ሊታረም ቢችልም፣ የመዝገቡን ይዘት የሚለውጥ እርማት የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ስምንት ዓመት የሚመስላቸው አሉ። ከመስከረም አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ ስምንት ይሆናል። ጥር 10 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በጎርጎርዮሳዊው ጃንዋሪ 19 ቀን 2008 ተወለደ ማለት ነው። መስከረም 10 ቀን 2001 ዓ.ም. የተወለደችው እኅቱም ሴፕቴምበር 20 ቀን 2008 ላይ ትውላለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በተለያየ ዓመት ቢወለዱም በፓስፖርታቸው ላይ የሁለቱም የትውልድ ዓመት አንድ ነው። ልዩነቱን በደፈናው ስምንት ብሎ የሚደምር ሰው ለእኅቲቱ አንድ ዓመት ያሳንስባታል። ቀኑ በጽሕፈት ቤቱ እንዲለወጥ መጠየቅና ከሆስፒታሉ ማሳወቂያ ጋር ማመሳከር ይገባል።

ጋብቻና ፍቺ

በሕግ የታወቁት የጋብቻ መፈጸሚያ መንገዶች ሦስት ናቸው፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል ሥርዓት። ሦስቱም እኩል ሕጋዊ ውጤት ሲኖራቸው ሦስቱም መመዝገብ አለባቸው። በቤተ ክርስቲያን ተክሊል የፈጸሙ ወይም ኒካህ ያሰሩ ጥንዶች ማስረጃቸውን ይዘው በመቅረብ ያስመዘግባሉ፤ እንደገና እንዲጋቡ አይጠየቁም። በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚጋቡ ከሆነ ተጋቢዎቹ ራሳቸውና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክሮች ይቀርባሉ። መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና ከዚህ ቀደም ጋብቻ የሌላቸው መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃም ይጠየቃል። የቤተሰብ ሕግን በተመለከተ ክልሎች የራሳቸውን ሕግ ያወጡ በመሆኑ ዝርዝሩን ከሚኖሩበት ክልል ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 213/1992 በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው።

ያልተመዘገበ ጋብቻ አይፈርስም፤ ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸው በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል። ችግሩ ምስክር የሚያስፈልገው ብዙውን ጊዜ ከትዳር ጓደኞቹ አንዱ ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። የጡረታ አበል፣ በባንክ ያለ ገንዘብ፣ የቤት ስም ዝውውር ሁሉ የሚጠይቁት ሁለት ወረቀት ነው፤ የጋብቻና የሞት የምስክር ወረቀት። ሁለቱን የያዘች ሚስት የወራሽነት ማረጋገጫዋን ለማግኘት ወደ ፍርድ ቤት ስትሄድ መንገዷ አጭር ይሆናል። ጋብቻው ሳይመዘገብ የቀረባት ግን ከባሏ ወንድሞች ጋር «ሚስቱ ነበርሽ ወይስ አልነበርሽም» በሚል ጭብጥ ልትከራከር ትችላለች።

ፍቺ የሚመዘገበው የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግልባጭ ሲቀርብ ነው። በሽማግሌ ፊት የተደረገ ስምምነት ብቻውን ለምዝገባ አይበቃም። ፍቺውን ያላስመዘገበ ሰው በመዝገብ ላይ ባለትዳር ሆኖ ስለሚቆይ ሌላ ጋብቻ ለመፈጸም ሲቀርብ ይከለከላል።

ሦስቱ ሰነዶች

የልደት የምስክር ወረቀት፣ የነዋሪነት መታወቂያና የፋይዳ ቁጥር እየተምታቱ ነው። የልደት የምስክር ወረቀት ማን፣ መቼ፣ የት፣ ከማን እንደተወለደ የሚያስረዳ ሲሆን ከሕይወት ዘመን ጋር የሚቆይ ነው። የነዋሪነት መታወቂያ ባለቤቱ የትኛው አካባቢ እንደሚኖር ያሳያል፤ ይታደሳል፣ መኖሪያ ሲለወጥም ይለወጣል። ፋይዳ በኢትዮጵያ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የዐሥር ጣት አሻራ፣ የዐይን ብሌንና የፊት ምስል ተወስዶ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ መለያ ነው። በአገሪቱ ለሚኖር የውጭ ዜጋም ስለሚሰጥ የዜግነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ምዝገባው ያለ ክፍያ ነው። ባንኮች ሒሳብ ለሚከፍት ደንበኛ ፋይዳ መጠየቅ ከጀመሩ ወዲህ የነዋሪነት መታወቂያ የቀረ የመሰላቸው ቢኖሩም አንዱ ሌላውን አልተካም። አዲስ ፓስፖርት የሚጠይቅ ዜጋም የልደት የምስክር ወረቀትና የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ ይዞ ይቀርባል።

ከአገር ውጭ የሚኖሩ ዜጎች የልጆቻቸውን ልደትም ሆነ ሌላ ኩነት በሚኖሩበት አገር በሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ይችላሉ። በኢትዮጵያ የሚኖሩ ስደተኞችም አዋጅ ቁጥር 1049/2009 ከወጣ ወዲህ በምዝገባው ተካትተዋል።

አቤቱታ ሲኖር

የአገልግሎት ክፍያ በየክልሉና በየከተማ አስተዳደሩ ይለያያል። ተመኑ በጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ለተከፈለ ገንዘብ ሁሉ ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጣል። ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ክፍያ በመንግሥት የተጠየቀ አይደለም።

ተገልጋዩን ከክፍያው በላይ የሚያማርረው ግን «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ነው። ሰነድ ጎደለ ሲባል ምን እንደጎደለ በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በየጊዜው አዲስ ሰነድ ከመጠየቅ ያድናል። ባለሙያው እምቢ ካለ ጉዳዩ በቅድሚያ ለክፍሉ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለጽሕፈት ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ይቀርባል፤ መፍትሔ ካልተገኘ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ ይዘልቃል። በአስተዳደር በደል ደርሶብኛል የሚል ሰው እነዚህን ደረጃዎች ካለፈ በኋላ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል፤ ተቋሙ አቤቱታ የሚቀበለው ያለ ክፍያ ነው። አቤቱታው ሲቀርብ ጽሕፈት ቤቱ የተሄደባቸው ቀናት፣ ያነጋገሩት ክፍልና የተሰጠው መልስ ተጽፈው ቢያያዙ ምርመራው ይፋጠናል።